ለምን ለሚሉ ልጆች ወጥ ቤቱ ይበቃል

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 3ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ትንሿ መስከረም ላይ 2ኛ ትገባለች። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ስልክ ላይ የሳይንስ ሙከራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ያያሉ፤ ከዚያ ‹እኛም እንሥራ› ይሉኛል። ዕቃው ደግሞ እዚህ ሱቅ አይገኝም። ባለፈው ቀላል የሚመስል አገኘንና ሞከርን። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ አሽቶ ቁርጥራጭ ወረቀት ማንሳት ነው። እንቢ አለን። ትንሿ አለቀሰች። ትልቁ ‹ለምን እንቢ አለ?› እያለ ነዘነዘኝ። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ነው፤ ሳይንስም አይሆንልኝም ነበር። መልስ ሳጣ አፍራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ‹በእህል ከሚጫወቱ ቁጭ ብለው ያንብቡ› ይላል። ምን ላሠራቸው?»

የሁለት ልጆች እናት

ውድ እህቴ፣

ከማበጠሪያው እንጀምር። ጥፋቱ የናንተ አይደለም፤ የሐምሌ ነው። ማበጠሪያው ፀጉር ላይ ሲታሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። ወረቀቱን የሚስበው ያ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ግን ለዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ማበጠሪያውም ላይ፣ ፀጉሩም ላይ ያርፋል። ቻርጁ በዚያ በኩል ሹልክ ብሎ ይሄድባችኋል። የልጅቷ ፀጉር ቅባት ከነበረው ደግሞ ባሰ። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ምን እንደምትመስል ለአንቺ አልነግርሽም። እዚያ ጉም ውስጥ ያ ሙከራ ቢሠራ ነበር የሚገርመኝ።

ስለዚህ ደብተር ላይ ይጻፉት፤ «ሐምሌ፣ ዝናብ፣ ማበጠሪያው አልሳበም»። ጥር ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ በታጠበና በደረቀ ፀጉር ይድገሙት። ያኔ ይስባል። ያኔ ልጅሽ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ የሁለት ወቅት ማስረጃም በእጁ ይኖራል። የ3ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ በላይ ምን ሳይንስ ይሠራል?

አሁን ወደሚያሳፍርሽ ነገር። ልጅ «ለምን?» ሲል ሁልጊዜ መልስ እየፈለገ አይደለም። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገረም ሰው ነው የሚፈልገው። «አላውቅም» በይው፣ ምንም ነውር የለውም። ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» በይው። ገምቶ ሲነግርሽ «እስኪ እንየው» በይ። አስተማሪነቱ ይኸው ነው፤ እስከ 10ኛ የተማረ ቀርቶ ፊደል ያልቆጠረም ይችለዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትላሉ። ግምቱ ከሙከራው በፊት ይምጣ። ሁሉም ሰው ግምቱን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ትልቁ ይጻፈው፣ ትንሿ ትሣለው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ከሆነማ ሁሉም «እኔም ይሄን ነበር ያልኩት» ይላል። ታውቂያቸዋለሽ። ቪዲዮዎቹን የማልወድላቸው ለዚህ ነው። ሰውዬው አንድ ጉድ ያሳያል፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል፣ አለቀ። አስማት ከማየት በምን ይለያል? ልጁ አልገመተም፣ አልተሳሳተም፣ «እንዲህ ባደርገውስ?» አላለም።

ትልልቁ ሳይንስም የሚጀምረው አንድ ነገር አይቶ «ለምን?» ከማለት ነው። ለልጆችሽ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ንገሪያቸው። በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ስለሚባለው ከወንዝ ውሃ የሚይዝ በሽታ እያጠና ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እነሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶዱ ይሆን የገደላቸው? ሞከረው። እውነትም እንዶዱ ነበር። በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ያንን ወንዝ ስንቱ ሰው ተሻግሮታል። (እንዶዱን ግን ለልጆች እንዳትሰጪ። ፍሬው ቢዋጥ መርዝ ነው።)

ምን ላሠራቸው ላልሽው፣ እኔ ብሆን በእርድ እጀምራለሁ።

አልጫ የፈሰሰበት ነጭ ጨርቅ በሳሙና ስታጥቢ እድፉ ድንገት ቀይ ሲሆን አላየሽም? ስንቱ ሰው «ኧረ ይሄ ምንድነው!» ብሎ ትቶታል። ሙከራው ያ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጪ። ነጭ ወረቀት ቀቢበትና ይድረቅ። ቢጫ ወረቀት አገኛችሁ ማለት ነው። ከዚያ የልብስ ሳሙና በውሃ ሟሙቶ፣ የጥጥ እንጨት ነክረው ስማቸውን ይጻፉበት። ጽሑፉ ቀይ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ግን «ምን ዓይነት ቀለም የሚወጣ ይመስላችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ቀይ የሚል ልጅ ቢገኝ ይገርመኛል።

ቀጥሎ ቀዩ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት። ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ልጆች ይጮኻሉ፤ ይጩኹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርድ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ቢጫ እንደሆነ ይቆያል። ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳን የመሰለ የኮምጣጣ ተቃራኒ ሲነካው ይቀላል። ለትልቁ «አሲድ» እና «ቤዝ» የሚሉትን ስሞች ልትነግሪው ትችያለሽ፤ ለትንሿ «ኮምጣጤ የሚወድ ቀለም» ብትያት ይበቃታል። ስሙ ይደርስባታል። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ወጥ ቤቱን ይዙሩ። አቼቶስ? የሻምፑ ውሃስ? ወተትስ? ቲማቲምስ? ስኳር ውሃስ? እያንዳንዱን ከመንካታቸው በፊት ይገምቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ ያልቃል። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃም ያቀላዋል፤ ያንን ግን አንቺ ነሽ የምትነኪው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ደግሞ አንድ ትርፍ አለው። የተረፈውን ቢጫ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ያውሉት። ፀሐይ የእርድን ቀለም ታጠፋለች። ሳንቲሙ ሲነሳ ሥሩ ቢጫ ክብ ሆኖ ይቀራል። የናንተ ሐምሌ ለዚህ ይለግም ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ይታገሡ። እርድ ልብስ እንደሚያበላሽ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አሮጌ ልብስ አልብሻቸው።

ሁለተኛው የእርሾ ሙከራ ነው። ይሄ ለደብረ ብርሃን ብርድ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ አዘጋጂ። ሁለቱም ውስጥ እኩል ለብ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ውሃው ሕፃን የምታጥቢበትን ያህል ብቻ ይሙቅ፤ የፈላ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። አፋቸው ላይ ፊኛ አጥልቂ። አንዱን ምድጃው አጠገብ፣ እሳት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ፤ ሌላውን መስኮት ላይ፣ ብርዱ ውስጥ። የማን ፊኛ ቀድሞ ይነፋል?

ምድጃው አጠገብ ያለው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሲሆነው ቀና ይላል። የመስኮቱ ወገቡን እንደያዘ ይቆያል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳሩን ይበላና ጋዝ ያወጣል፤ ያው ለስላሳ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ ነው። ሲበርደው ሥራ ይለግማል። አሁን ልጆቹን ወደ ሊጡ ውሰጃቸው። ለምንድነው ክረምት ላይ የእንጀራ ሊጥ ቶሎ የማይቦካልሽ? ለምንድነው እንጀራው ዓይን የሚያወጣው? መልሱን አትንገሪያቸው። ፊኛውን አይተዋል፤ ትንሽ ዝም ብትያቸው ትልቁ ራሱ ይደርስበታል። ምጣዱ ላይ የሚፈነዱትን ዓይኖች ቆሞ ማየት ብቻ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ጠርሙስ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀየራችሁት፤ ቦታውን። ውሃው፣ ስኳሩ፣ እርሾው ሁሉ እኩል ነው። ልጆች ወዲያው ሁሉን ነገር መለወጥ ይፈልጋሉ። «ይሄኛው ላይ ስኳር እንጨምር፣ ያኛውን ደግሞ ምድጃው ጋ እናድርገው።» ያኔ «እሺ፣ ይሄኛው ቀድሞ ቢነፋ በስኳሩ ነው ወይስ በሙቀቱ?» ብለሽ ጠይቂ። ግራ ይጋባሉ። ግራ ይጋቡ። ከዚያ በኋላ «አንድ በአንድ» የሚለው ሕግ ከራሳቸው አፍ ይወጣል። ለመስከረም ከዚህ ሌላ ምንም ይዘው ባይሄዱ፣ የአካባቢ ሳይንስ መምህራቸው ያመሰግንሻል።

ባቄላውን ያውቁታል፤ ትምህርት ቤት ሁሉ ጥጥ ላይ ያበቅላል። እኔ ግን ትንሽ ልለውጠው። በአንድ ብርጭቆ ጥሬ ባቄላ፣ በሌላው የተቆላ፣ በሦስተኛው ክክ። ሁሉንም በእርጥብ ሶፍትና በብርጭቆው ግድግዳ መሃል አስገቡ፤ ከውጭ እንዲታይ። የቱ ይጎነቁላል? ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ለቆሎው ያዝናሉ፣ «እሱም ይበቅላል» ይላሉ። ጥሬው ብቻ ነው ሥር የሚያወጣው። እናንተ ጋ በብርዱ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሥሩ ትንሽ ሲረዝም ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ይሄዳል። ታች የት እንደሆነ ማን ነገረው? ይሄን ጥያቄ ለባለቤትሽ ተዪለት።

ስለ ባለቤትሽ ካነሳን፣ በእህል መጫወት ያልወደደው ደግ አድርጎ ነው። እህል እህል ነው። ስለዚህ ከዘረዘርኩልሽ ውስጥ የሚጣለው እህል ጥቂት ባቄላ ብቻ፣ ሌላውም በማንኪያ የሚለካ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ቪዲዮዎቹ ላይ አንድ ኪሎ ዱቄት ሲደፋ አይቻለሁ፤ እኔንም ያናድደኛል። እሱን ለማሸነፍ ከፈለግሽ በእንቁላሉ ጀምሪ። ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። አሁን ጨው በማንኪያ እየጨመራችሁ፣ እንቁላሉን አውጥታችሁ አማስሉ፣ መልሱት። ስንተኛው ማንኪያ ላይ ይንሳፈፋል? አባትየውም ቁጥር ይገምት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃዋል። ጨው ውሃውን ያከብደዋል፤ የከበደው ውሃ እንቁላሉን ተሸክሞ ያወጣዋል። አፋር ውስጥ የአሳሌ ሐይቅ፣ አሞሌው የሚቆረጥበት አካባቢ፣ ሰው ዋና ሳይችል ተንሳፍፎ የሚተኛው በዚሁ ምክንያት ነው። እንቁላሉ ከዚያ ታጥቦ ይቀቀላል፤ ከጨዉ በቀር ምንም አይባክንም። እንቁላልሽ ያለ ጨው ከተንሳፈፈ ግን ሙከራውን ተዪና ሱቁን ቀይሪ።

ጥላውን ደግሞ በደንብ እንድትሠሩት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ልጆቻችንን ያሳስታሉ። የአውሮፓ መጽሐፍ «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላል። እነሱ ጋ ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ቀትር ላይ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ነች። ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልጆችሽ ያዩትን ቢናገሩና መጽሐፉ ሌላ ቢል፣ ትክክሉ ያዩት ነው።

ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኑሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ከ20 አካባቢ ነው። ፀሐይ በምትወጣበት አቅጣጫ ፊታችሁን ካዞራችሁ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ ነው። ከነሐሴ 20 አለፍ ብሎ ባሉት ቀናት፣ ደመናው ፋታ ከሰጣችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንጨቱ ጥላ አልባ ሊሆን ምንም አይቀረው። ፀሐይ አናታችሁ ላይ ናት። መስከረም አጋምሶ ስታዩት ጥላው ወደ ሰሜን ዞሯል። ከአንድ ወር በላይ የሚፈጅ ሙከራ ነው፤ ችግር የለውም። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን በዓይናቸው እንዳያዩ ብቻ አደራ።

አንድ የማልመክረው አለ። ሳህን ውሃ ላይ ሻማ አብርቶ ብርጭቆ መድፋት። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ቪዲዮዎቹ «ኦክስጅኑ ስላለቀ ውሃው ቦታውን ያዘ» ይላሉ። ልክ አይደለም። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ነው። ውሃውን በዋናነት የሚስበው የሞቀው አየር ሲበርድ መሸማቀቁ ነው። ለትንንሽ ልጆች ይሄን ማስረዳት ይከብዳል፤ እሳትም አለበት። ሌላ ስንት ነገር እያለ ምን አስቸገረሽ?

ዕድሜያቸው የተለያየ ስለሆነ ሥራ አካፍያቸው። ትልቁ ይለካ፣ ይጻፍ። ትንሿ ትጨምር፣ ታማስል፣ ትሣል። አለበለዚያ እሱ ሁሉን ይቀማትና ታለቅሳለች። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሲሰለቻቸው ተዪው። ውጤቱ ግምቷን ሲያፈርስባት ደግሞ «ተሳሳትሽ» እንዳትያት። «አይ፣ ያልጠበቅነው መጣ!» በያት። ይሄ ቃል ትንሽ ነው፤ ልጅቷ በሚቀጥለው ጊዜ ደፍራ ትገምት ወይስ ዝም ትበል የሚወስነው ግን እሱ ነው።

የጥንቃቄውን ነገር በአጭሩ ልበል። ሙቅ ውሃና እሳት የአንቺ ናቸው። የግድግዳ ሶኬት ጨርሶ አይነካም። እርሾ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ጠርሙስ ክዳኑ ተጠምዶ አይዘጋ፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ትንሽ ልጅ እንግዳ ከመጣ ባቄላውን ሰብስቢ፣ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል። የተቀደደ ፊኛም መሬት ላይ አይቅር፤ ያንቃል። ከሁሉ በላይ በረኪና። ልጆች አንዴ መቀላቀል ከለመዱ ያገኙትን ሁሉ መቀላቀል ያምራቸዋል። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት በረኪናውንና ማጽጃዎቹን ቁልፍ ያለው ቦታ አስገቢያቸው።